የእናቴ ነጭ ጃሪቶ

ኔልዳ አበልጄ ናት። ልጄን ግራሲየላን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት፤ ለአርባ አራት ዓመት ግቢያችንን የለየው ከወገብ የማያልፍ የጡብ አጥር ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ በኋላ ስለ እሷ የምለውን ስትሰሙ፣ ይቺ አሮጊት ጎረቤቷን ታማለች እንዳትሉኝ ነው። እዚህ የማወራውን ሁሉ ፊት ለፊቷ ተናግሬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልነገርኳትም፤ እሱን መጨረሻ ላይ ትሰሙታላችሁ።

ነገሩ የአበባ ነገር ነው። እኛ በበረሃዋ ከተማ በቱሳን ጃሪቶ እንለዋለን፣ ትንሿ ማሰሮ ለማለት ነው። በየካቲት መጨረሻ ከጠጠሩ መሀል ቀጭን ዘንግ ያወጣና ማሰሮ የሚመስሉ አበቦቹን ከታች እስከ ላይ ይደረድራል። የበረሃ ልጅ ስለሆነ ውሃም ማዳበሪያም አይጠይቅም፤ ከሰው የሚፈልገው እንዲተወው ብቻ ነው። ቀለሙ ሮዝ ነው። ተራራው ላይ ያለውም ሮዝ፣ መንገድ ዳር ያለውም ሮዝ፣ ችግኝ ጣቢያ የሚሸጠውም ሮዝ። የእናቴ ግን ነጭ ነበር።

እናቴ ነጩን ያገኘችው ከሰፈራችን ጀርባ ካለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ታናሽ ወንድሜ በሦስት ወሩ የሞተ ዓመት። ለመቃብሩ አበባ ልትቆርጥ ወርዳ በሮዞቹ መሀል አንድ ነጭ ቆሞ አየች። አልቆረጠችውም። ዘሩ እስኪደርቅ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ እየወረደች ጠበቀችው፤ ጥንቸል እንዳይበላው ዙሪያውን በእሾህ አጠረችው። ከዚያ ዘሩን በመሐረቧ ቋጥራ አመጣች። ከዚያ ወዲህ ፋሲካ በመጣ ቁጥር የወንድሜ መቃብር ነጭ ጃሪቶ አጥቶ አያውቅም ነበር። ቀጥሎ አባቴ፣ ቀጥሎ እሷ ራሷ፣ በመጨረሻም ባሌ ኤፍራይን በዚያው አበባ ተሸኙ። ወንዙ ዛሬ በሲሚንቶ ተለብጧል፣ እዚያ የሚበቅል ነገር የለም።

እናቴ ለአበባው ሁለት ሕግ ነበራት። አንደኛው፣ በሙቀቱ ወራት አታጠጪው የሚል ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ አይቶ፣ አዝኖለት ውሃ የሚያፈስበት ሰው ሥሩን አበስብሶ ይገድለዋል፤ በእኛ ሰፈር ጃሪቶ የሚሞተው በብዛት በደግ ሰው እጅ ነው። ሁለተኛው፣ ዘሩን በአንድ ጊዜ አትጨርሺ፣ ግማሹ ሌላ ቤት ይደር የሚል ነው። ጣሪያ ያፈሳል፣ ቤት ይቃጠላል፣ አይጥ ይገባል። «በረሃው እንኳ ያለውን ዘር ሁሉ በአንድ ዓመት አያበቅልም፤ አንቺ ከበረሃው ትበልጫለሽ?» ትለኝ ነበር። ሌላ ቤት ማለት የኔልዳ ቤት ማለት ነው። እኔ ከኔልዳ ቤት በቀር ሌላ ቤት የምለው አልነበረኝም።

ጃሪቶ ዕድሜው አጭር ነው። አራት ወይ አምስት ዓመት ኖሮ ይደርቃል፤ በየጊዜው ካልዘሩት ይጠፋል። ኤፍራይን ሦስት ዓመት ሲታመም እኔ ግቢ መኖሩንም ረሳሁት። እሱን በመጨረሻዎቹ አበቦች ሸኝቼ ቀና ስል ከነጮቹ አንድ አልቀረም። የቀረኝ ቀደም ብዬ የለቀምኩት ዘር ነበር፤ ግማሹ እኔ ጋ በአሮጌ የሞራ ጣሳ፣ ግማሹ ኔልዳ ጋ በትንሽ ቆርቆሮ፣ በእናቴ ቀይ ክር ታስሮ።

ከዚያ ደግሞ ጉልበቴ መጣ። በነሐሴ መጨረሻ ግራ ጉልበቴን ቀደው ብረት ከተቱበት። ሐኪሙ ስድስት ወር ጎንበስ እንዳልል አዘዘኝ። ያን ዓመት የሙቀቱ ዝናብ በርትቶ ስለነበር አረሙ ግቢዬን ወርሶት ነበር፤ እኔ ግን ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝቼ ስመለስ ግቢው ተላጭቶ፣ ጠጠሩ ተጠርጎ፣ እንግዳ የሚቀበል መስሎ ጠበቀኝ። ኔልዳ ናት ያስጠረገችልኝ። እጇን ይዤ አመሰገንኳት፣ እሷም «አበልጅ ለምን ቀን ነው» አለችኝ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ዘሩን ለመበተን ወሰንኩ። ዘሩ እያረጀ ነው፣ እኔም እንደዚያው። እኛ ዘንድ ጃሪቶ የሚዘራው ድንበር ተሻግሮ ወደ ማግዳሌና ከተማ ለቅዱስ ፍራንሲስኮ በዓል ከመኬዱ በፊት ነው፤ መንገደኛው ቅዱሱን ሲሳለም ለዘሩም ዝናብ ይለምንለታል። ወንበሬን ደጅ አስወጥቼ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ተቀመጥኩ። ጣሳውን ከፈትኩት። የጃሪቶ ዘር ይገማል፣ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሰነበተ ካልሲ ይሸታል። አሸተትኩትና ሳቅኩ፣ ምክንያቱም የእናቴ ቤት የሚሸተው እንደዚያ ነበር።

«ነይ አበልጄ» አልኳት። «እጄ መሬት አይደርስም። አንቺ በትኚልኝ።»

ጣሳውን ተቀበለችኝ። ወደ ጠጠሩ አየች።

«ሁሉንም?» አለችኝ።

«የኔን ግማሽ ሁሉንም። ያንቺ አለ አይደል እንዴ።»

«አለ» አለች።

ከዚያ በተነችው። እያንዳንዱን ዕፍኝ ከአሸዋ ጋር እያሸች፣ ቀስ ብላ፣ ከአጥሩ እስከ በሩ ድረስ በተነችው። በየዕፍኙ መሀል ቆም ስትል አይቻለሁ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሌሎች ሴቶች ጋር ማግዳሌና ሄደች። እዚያ የተጋደመውን የቅዱሱን ምስል ሰው ሁሉ ተራ ገብቶ አንገቱን በእጁ ቀና ያደርገዋል። ልቡ ንጹሕ ለሆነ ሰው ይነሳለታል፤ የደበቀው ነገር ላለበት ሰው ይከብዳል። ኔልዳ ከሄደችበት ተመልሳ የተባረከ ሪባን ሰጠችኝና፣

«ዘንድሮ አልነሳልኝም» አለችኝ።

«ምን አድርገሽው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ክንዴ ነው መሰለኝ።»

«የሰረቅሽውን ባል መልሺ በያ» ብዬ ሳቅኩባት። እሷ አልሳቀችም። ያኔ እንኳ አልነቃሁም።

የብርድ ወራት ዝናብ ያን ዓመት ጥሩ ጣለ። ቀስ እያለ፣ ሌሊቱን ሙሉ እያካፋ፣ ለበረሃ ዘር ተብሎ የታዘዘ ዝናብ ነበር። እኔ ጎንበስ ማለት ስለማልችል ዓይኔ ኔልዳ ሆነች። በየጠዋቱ አጥሩን ዞራ ትመጣለች፣ ጠጠሩ ላይ ትጎነበሳለች፣ ጣቷን ሰዳ ትነካካለች። እኔ መስኮት ሥር ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

«ዛሬስ?»

«ገና ነው፣ ኦፌሊያ። ዘር የራሱ ቀን አለው።»

ኅዳር ገና ነው። ታኅሣሥ ገና ነው። በመንገዱ ማዶ ያሉት ሰዎች የወፍ ዘራሽ ጃሪቶ ቅጠላቸውን መሬት ላይ ዘርግተዋል፤ የኔ ግቢ ግን ጠጠር ብቻ። የገና ዋዜማ፣ ለበዓል ከበቆሎ ሊጥ የምንሠራውን ታማሌ ልንሠራ የኔ ወጥ ቤት ተቀምጠን፣ ሊጡን እያሸሁ ሳለ ሆድ ባሰኝና አለቀስኩ። «እናቴን ጨረስኳት» አልኳት። «ስድሳ ዓመት ያቆየችውን እኔ ባንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት።» ኔልዳ ቀና ብላ አላየችኝም። ሊጡ ጨው ያንሰዋል አለችና ጨመረች።

በየካቲት መጀመሪያ ግራሲየላ ወደ ፊኒክስ ወስዳ አራት ቀን አስቀመጠችኝ። ስመለስ ኔልዳ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር፤ ክርኔን ይዛ ከመኪናው አወጣችኝ።

«ነይ» አለችኝ። «ቀስ በይ። ከዚህ እልፍ እንዳትዪ፣ ትረግጪዋለሽ። ከዚሁ እዪ።»

አየሁ። አሥራ ሁለት ነበሩ። አረንጓዴ፣ ክብ፣ መሬት ላይ ልጥፍ ያሉ፣ የሳንቲም ያህል ቅጠል ያላቸው። በአራት ቀን እንዴት እንዲህ አደጉ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ዝናብ ጥሎ ነበር፣ ምርኩዝ ተደግፌ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማመን ፈልጌ ነበር። ያንን ያመጣልኝ እጅ የሷ እጅ ነው ብዬ የኔልዳን እጅ ሳምኩት። እሁድ ዕለት መቃብር ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት፣ አሥራ ሁለት ናቸው ብዬ። እንዳልወድቅ በክንዷ ደግፋኝ የነበረችው ኔልዳ ናት።

አንድ ዓመት ጠበቅኳቸው። ሙቀቱ መጥቶ ሲጠወልጉ ልቤ እየተቃጠለ ጠብታ ውሃ አልሰጠኋቸውም። ግራሲየላን ለፋሲካ ልጆቿን ሁሉ ይዛ እንድትመጣ አዘዝኳት፤ ሁሉም በየመቃብሩ የሚያስቀምጠው ነጭ አበባ አለ አልኳት። ዘንጎቹ በየካቲት ወጡ። እምቡጦቹ ሊከፈቱ አንድ ሳምንት ሲቀር ኔልዳ እህቷን ልትጠይቅ ኖጋሌስ ሄደች።

ሮዝ ሆኑ።

ደነገጥኩ፣ ግን አልተጠራጠርኩም። ይህን ልብ በሉልኝ። ንቡ አደባልቆት ይሆናል አልኩ፤ እናቴም በሕይወቷ ሮዝ የሆነ ሲወጣባት እየነቀለች ነበር ዘሩን ያጠራችው። ስልክ ደወልኩና ለኔልዳ ነገርኳት። ማዶ ሆና ማልቀስ ጀመረች።

«ተይ እንጂ» አልኳት። «ገርጣ ያለውን መርጬ ዘሩን እይዛለሁ። ደግሞ ያንቺ ግማሽ አለ። ለምን ታለቅሻለሽ?»

እኔ ነኝ እሷን ያባበልኩት። ዛሬም እርር የሚያደርገኝ ከሁሉ ይበልጥ ይሄ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ጠዋት ስነሳ የበረሃ አሳማ ሌሊት ገብቶ በሩ አጠገብ ያለውን አንዱን ገልብጦታል። ልማዳቸው ነው፣ ሥር ፍለጋ ይቆፍራሉ። ጉልበቴ በዚያን ጊዜ ድኖ ስለነበር ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ሥሩ ወደ ታች አልሄደም። ጠባብ ዕቃ ውስጥ እንዳደገ ነገር አራት ማዕዘን ሆኖ እርስ በርሱ ተጠምዟል፤ በዙሪያው የተጣበቀው አፈር ደግሞ የኔ ግቢ አፈር አይደለም፣ ጥቁር ነው። በጥቁሩ ውስጥ ነጭ ነጭ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ቀላል ፍርፋሪ አለበት። ችግኝ ጣቢያዎች አፈሩ እንዲላላ የሚቀላቅሉት ነገር ነው። ሁለተኛውን ነቀልኩ። ሦስተኛውን ነቀልኩ። ሁሉም አራት ማዕዘን፣ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ነጭ ፍርፋሪ። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ተነስቼ ወደ ቤት እስክገባ ፀሐዩ አናቴ ላይ ደርሶ ነበር።

ኔልዳ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ከኖጋሌስ ጣፋጭ ዳቦ ይዛልኝ፣ እንደ ሁልጊዜው ሳታንኳኳ ገባች። እኔ ሦስቱን ከነሥራቸው ጋዜጣ አንጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬአቸው ነበር። ዳቦውን ይዛ ቆመች።

«የበረሃ አሳማ ገባብሽ?» አለችኝ።

«አሳማውን ተይው። ሥሩ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

ዳቦውን አስቀምጣ ተቀመጠች። «ዴልፊኖ ነው» አለች።

ዴልፊኖ በየዓመቱ የእሷን ጠጠር አረም እንዳያበቅል መድኃኒት የሚረጭላት ሰውዬ ነው። በእኛ ከተማ ግማሹ ሰው እንደሱ ያለ ሰው አለው። የተረጨበት መሬት እስከሚቀጥለው ሙቀት ድረስ ምንም ዘር አይበቅልበትም፤ አረምም ይሁን አበባ አይለይም፤ ሥር የያዘ ተክል ግን አይነካም።

«ዴልፊኖ ምን አደረገ?»

«ዴልፊኖ አይደለም። እኔ ነኝ።» መሐረቧን አወጣች። «ሆስፒታል ሳለሽ ከማዘጋጃ ቤት መጥተው በርሽ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፈውብሽ ነበር፣ ስለ አረሙ። ሳታዪው ብዬ ቀድጄ ጣልኩት። ዴልፊኖን የሷንም ጥረግላት፣ የሷንም ርጭላት አልኩት። ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። የረጨሽው ለደግ ነው፣ ይሁን። መቼ ነው ያስታወስሽው?»

መሐረቧን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው።

«ኔልዳ፣ መቼ?»

«ጣሳውን እጄ ላይ ስታስቀምጪው።»

«እና በተንሽው።»

«ምን ልበልሽ? እንደዚያ ደስ ብሎሽ፣ ሽታውን እየማግሽ ስትስቂ። ከባልሽ ሞት በኋላ ስትስቂ ያየሁሽ የዚያን ቀን ነበር።»

«‘ቆይ’ ብትዪኝ በቃኝ ነበር። አንድ ቃል ናት። ቆይ! ዘሩ ጣሳው ውስጥ ነበር እኮ። ለሚቀጥለው ዓመት አስቀምጠው ነበር።»

«ገባኝ።»

«አልገባሽም። በየጠዋቱ ጎንበስ ብለሽ ስታዪልኝ የነበረው ምኑን ነው?»

«ምንም» አለች። «ጠጠሩን።»

«አራት ወር ሙሉ ጠጠር።»

«ሊጡ ላይ ስታለቅሺ አንጀቴን በላሽው። ባዶውን እያየሽ ከምትሞቺ ብዬ ነው የገዛሁት። ትልልቁን ቅጠል ቆርጬ ቆርጬ ነው የተከልኩት፣ ትንሽ እንዲመስልልሽ።»

«እናቴ መቃብር ላይ ቆሜ አሥራ ሁለት ናቸው ስላት ክንዴን ይዘሽ ነበር።»

«ይዤሽ ነበር።»

«ሳቅሽ መጣ ወይስ አዘንሽልኝ?»

«ኦፌሊያ፣ እናትሽን እኮ እኔም...»

«እናቴን ከአፍሽ አውጪልኝ።»

እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች፣ እንደ ተያዘ ልጅ። ከሠራቻቸው ጥፋቶች የትኛው ነው የከበደሽ ብትሉኝ፣ መድኃኒቱ አይደለም። መድኃኒቱን ረስቼዋለሁ። ጎንበስ ማለቷ ነው። እኔ መስኮት ሥር ሆኜ ያንን የጎበጠ ጀርባ ስንቴ ባርኬዋለሁ።

«ግማሹን አምጪልኝ» አልኳት።

ሄዳ አመጣች። ቆርቆሮው የለም፣ ቀይ ክሩም የለም። ያመጣችልኝ ክዳን ያለው የሰናፍጭ ብርጭቆ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆርቆሮው ዛገ። ክሩን አይጥ በላው። አምና ነው ወደዚህ የገለበጥኩት።» ዓይኔን አየች። «ያው የእናትሽ ዘር ነው። በሞተው ልጄ እምልልሻለሁ። በማግዳሌናው ቅዱስ።»

«እሱማ አልነሳልሽም» አልኳት።

ብርጭቆውን ከፍቼ አሸተትኩት። ይገማል። የነጩም ይገማል፣ የሮዙም ይገማል፤ ሽታው አንድ ነው፣ ዘሩም በዓይን አይለይም። አርባ አራት ዓመት የማምናት ሴት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እየማለችልኝ፣ እኔ ብርጭቆውን ለብርሃን አቅርቤ እውነት ይሁን ውሸት ዘሩን ልጠይቀው እሞክር ነበር።

«ዳቦሽን ይዘሽ ሂጂ» አልኳት። ያን ቀን ነው ለመጨረሻ ጊዜ ሳታንኳኳ የገባችው።

ሮዞቹን ሁሉ ነቅዬ ጣልኳቸው። ፋሲካ ደርሶ ግራሲየላ ከነልጆቿ መጣች፤ መቃብሩ ላይ ከሱቅ የተገዛ አበባ አስቀመጥን። የክርስትና እናቴ የት አለች ብላ ጠየቀችኝ፣ አሟት ነው አልኳት።

በመስከረም ዘሩን ዘራሁ። በፊት ለፊቱ ግቢ አይደለም፤ መድኃኒቱ በዚያን ጊዜ መርዝነቱ አልፎ ይሆናል፣ ግን ያንን መሬት ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ከቤቱ ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር፣ ከከተማ ውጭ ካለ ሸለቆ በባልዲ አሸዋ አስመጥቼ ደለደልኩ። ለጓሮው በር ቁልፍ አሠራሁለት፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ጎንበስ ብዬ፣ በገዛ እጄ፣ እያንዳንዷን ፍሬ ዘራሁ። ግማሽ አላስቀረሁም። የምሰጥበት ሌላ ቤት የለኝም።

ኔልዳ በአጥሩ ማዶ ስታልፍ አያታለሁ። ሰላም ካለችኝ ሰላም እላለሁ። እሷ በበዓል ታማሌ ሠርታ አጥሩ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ እኔም ሳህኗን አጥቤ አጥሩ ላይ መለስኩላት። ታማሌውን አልበላሁትም ብል ውሸት ነው። በልቼዋለሁ፣ ጨው ያንሰው ነበር።

ጥር ውስጥ አንድ ጠዋት ከዝናብ በኋላ ጓሮ ስወጣ ወጥተው አገኘኋቸው። ሦስት ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ዘር ሦስት ብቻ፣ ዘሩ አርጅቶ ነበርና። ሁለት ሁለት ቅጠል፣ ከዚያም አራት አራት ቅጠል እስኪያወጡ በየቀኑ እየወጣሁ አየኋቸው። እንደ እናቴ ብሆን ኖሮ በእሾህ አጥሬ፣ ተንበርክኬ አምላኬን አመስግኜ እገባ ነበር።

እኔ ግን በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጠዋት ማንኪያ ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ነካሁት፣ አለፍኩት። መሀለኛው ጋ ጎንበስ አልኩ። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። የዘራሁት እኔ ነኝ፣ ሲበቅል ያየሁትም እኔ ነኝ፣ ማንም አልገባም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ማንኪያውን ከሥሩ ሰድጄ ነቀልኩትና ሥሩን በጣቶቼ ፈለፈልኩ። ነጭ ፍርፋሪ ፍለጋ።

አሸዋ ነው። ንጹሕ የሸለቆ አሸዋ። ሥሩ አንድ ብቻ፣ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ ከመካከለኛ ጣቴ የሚረዝም፣ እኔ በማንኪያዬ ጫፉን የበጠስኩት።

መልሼ ተከልኩት። በኤፍራይን ባርኔጣ አጠለልኩት። የጃሪቶ ቡቃያ ሥሩ ከተነካ እንደማይተርፍ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጠውልጎ ተኝቶ ነበር። እዚያው አሸዋ ላይ ቁጭ ብዬ የኔልዳን ስም ጠርቼ ተራገምኩ። ያኛውን ስድሳ ዓመት የቆየ ዘር የጨረሰችው እሷ ናት። ይሄኛውን ግን ማን ገደለው? እሷ እጇን አላነሳችም። እኔ ውስጥ ገብታ፣ በኔው እጅ፣ በኔው ማንኪያ ነቀለችው። ሰው ሲከዳችሁ የሚወስድባችሁ ያን ዕለት የወሰደውን ብቻ አይደለም።

ሁለቱ ደህና አደጉ። ሙቀቱን ጠወለጉ፣ ብርዱን አገገሙ። በዓመቱ፣ በመጋቢት መጀመሪያ፣ ዘንጎቻቸው ከጓሮው አጥር በላይ ወጡ። አንድ ጠዋት የታችኞቹ እምቡጦች ተከፈቱ።

ነጭ ናቸው።

ስንቴ እንደነካኋቸው አላውቅም። ኔልዳ እውነቷን ነበር። በሞተው ልጇ የማለችው እውነት ነበር፤ ዘሩ የእናቴ ዘር ነበር፣ አይጡም እውነት ነበር፣ ዝገቱም እውነት ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ደስ ብሎኛልም። ግን ደስታው ሙሉ ሆኖ አልወረደልኝም፣ የሆነ ቦታ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ።

ቀና ስል ኔልዳ በአጥሩ ማዶ ቆማለች። ከጓሮዋ ሆና ዘንጎቹን አይታ ነው የመጣችው። አርጅታለች፤ አጥሩን በሁለት እጇ ይዛለች። አበቦቹን አየች፣ እኔን አየች።

«ነጭ ነው» አለች።

«ነጭ ነው።»

«ብዬሽ ነበር እኮ፣ አበልጄ።»

«ብለሽኝ ነበር።»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ወዲህ ነይ እንድላት እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። ለማውለቅ አንድ አፍታ አይፈጅም።

«ስንት በቀለልሽ?» አለችኝ።

በሁለቱ ዘንጎች መሀል ባዶ ቦታ አለ፣ አንድ ክንድ ያህል። ዓይኗ እዚያ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ያበላሸችብኝን ሁሉ ነግሬያታለሁ፣ አንድም ሳላስቀር። ይሄኛውን ግን ብነግራት ታለቅሳለች፣ ታቅፈኛለች፣ ይቅርታዋን ትደግመዋለች፣ እኔም እንደገና እሷን አባብላለሁ።

«ሁለት» አልኳት።

«ሁለት ብቻ?»

«ሁለት ብቻ» አልኳትና ዘሩ ሲደርቅ የምለቅምበትን ጣሳ ልፈልግ ወደ ቤት ገባሁ።